ለሁሉ ስም አውጥቶ ለራሱ ትንሿን አበባ የመረጠ ሰው

በሰሜን አውሮፓ፣ ጥድ መሰል ረጃጅም ዛፎች በሞሉባቸው ደኖች ውስጥ፣ ከዛፎቹ ሥር በጥላው እየተሳበች የምታድግ አንዲት ትንሽ የዱር ተክል አለች። ግንዷ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ቅጠሏ በበረዶው ወራት እንኳ አይረግፍም። ፀሐይ በምትበረታባቸው ጥቂት ሳምንታት ከአንድ ጣት ብዙም የማይረዝም ዘንግ ታወጣለች። ዘንጉ ጫፉ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈልና ከየጫፉ አንድ አንድ ሮዝማ አበባ እንደ ቃጭል ቁልቁል ይንጠለጠላል። ጠረኗ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በደኑ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ካላለ አያያትም።

የዚህች ተክል ሳይንሳዊ ስም ሊኒያ ቦሪያሊስ ነው። ሁለተኛው ቃል ሰሜናዊት እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ግን ከሰው ስም የተወሰደ ነው። ሰውየው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ ነው። ዛሬ በግብርና ምርምር ሪፖርቶች፣ በዘር ላቦራቶሪዎችና በአረም መከላከል መመሪያዎች ላይ ከሰብሉ ወይም ከአረሙ የአገር ስም ቀጥሎ የሚጻፈውን ባለ ሁለት ቃል የላቲን መጠሪያ ሥርዓት ያስያዘው እሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኒየስ በ1707 በደቡብ ስዊድን ስሞላንድ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ሮስሁልት በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያ ዘመን የስዊድን ገጠሬ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። ልክ በእኛ አገር እንዳለው ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነበር። የካርል አባት ኒልስም የኢንገማር ልጅ በመሆኑ ኢንገማርሶን ይባል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የቤተሰብ ስም ማስመዝገብ ግድ ሆነበት። በቤተሰቡ ይዞታ ላይ ሊንደን የሚባል ትልቅ ዛፍ ነበር፤ በአካባቢው አነጋገር ሊን ይሉታል። ኒልስ ከዚያ ዛፍ ስም ወስዶ በላቲን አነባበብ ሊኒየስ ተባለ። እንግዲህ ስሙ ከዛፍ ወደ ሰው፣ ኋላም ከሰው ወደ አበባ ተሻገረ ማለት ነው።

ኒልስ የገጠር ቄስ ቢሆንም አትክልት መትከል የሚወድ ሰው ነበር። ለልጁም ገና በልጅነቱ ከግቢው ትንሽ መደብ ከፍሎ ሰጠው። ካርል የዕፅዋቱን ስም እየደጋገመ ይጠይቃል፤ ይነገረዋል፤ ይረሳል። በመጨረሻ አባትየው ሰለቸውና አንዴ የነገሩትን ስም ከረሳ ሁለተኛ እንደማይነግረው አስጠነቀቀው። ልጁ ከዚያ ወዲያ ስም መያዝን ዋና ሥራው አደረገው።

ትምህርት ቤት ግን አልሆነለትም። እናቱ እንደ አባቱ ቄስ እንዲሆን ትመኝ ነበር፤ መምህራኑ በበኩላቸው ልጁ ለቀለም ትምህርት የሚሆን ስላልሆነ የእጅ ሙያ ቢያስተምረው እንደሚሻል ለአባቱ ነገሩት። ነገሩን የቀየረው ዮሃን ሮትማን የተባለ የአካባቢው ሐኪም ነው። ልጁ ለክህነት ባይሆን ለሕክምና እንደሚሆን አባትየውን አሳመነ። በዚያ ዘመን መድኃኒት ማለት በአብዛኛው ዕፅ ስለነበር ሐኪም የሚሆን ሰው ዕፅዋትን ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። ቅስናውን ኋላ ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል ወረሰ። ይህ ሳሙኤል በንብ እርባታ የታወቀ ሰው ሲሆን በ1768 ስለ ንብ አያያዝ መጽሐፍ አሳትሟል።

ካርል በ1727 ሉንድ፣ በዓመቱ ደግሞ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኡፕሳላ ላይ ድህነቱ ከፋ፤ የጫማው ሶል ተበልቶ ውስጡን በወረቀት እየደለደለ ይሄድ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የአትክልት ሥፍራ ያገኘው ኦሎፍ ሴልሲየስ የተባለ ምሁር የልጁን እውቀት አይቶ ቤቱ ባያስጠጋው ኖሮ ትምህርቱን ይቀጥል እንደነበር ያጠራጥራል።

በ1732 የኡፕሳላ የሳይንስ ማኅበር ገንዘብ ሰጥቶት ወደ ሰሜኑ ጫፍ፣ ወደ ላፕላንድ ብቻውን ተጓዘ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አምስት ወር ያህል በፈረስ፣ በጀልባና በእግር ዞረ። አገሩ ሬንዲር የተባለውን የብርድ አገር አጋዘን የሚያረቡት የሳሚ ሕዝቦች ነው። ሊኒየስ ሳሚዎች ከብታቸውን እንዴት እንደሚያልቡ፣ ወተቱን በምን ቅጠል እንደሚያረጉ፣ በምን እንደሚታከሙ እየጠየቀ ጻፈ። ከደኑ ከሰበሰባቸው ዕፅዋት መካከልም ያቺ ባለ መንታ ቃጭል አበባ ነበረች።

ለግብርና ሰው ከዚህ ጉዞ ውስጥ የሚጥመው ግን ቶርኒዮ በምትባለው ከተማ የገጠመው ነገር ነው። ከተማዋ ዛሬ በፊንላንድና በስዊድን ድንበር ላይ ትገኛለች። የዚያ ሰዎች ከብቶቻቸው በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ ወደ ግጦሽ ሲለቀቁ ሆዳቸው እየተነፋ በብዛት እንደሚያልቁባቸው ነገሩት። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ሊኒየስ ባለቤቶቹን ጠይቆ ብቻ አልተመለሰም፤ ከብቶቹ መጀመሪያ የሚሰማሩበት ሜዳ ድረስ ሄዶ ሣሩን አንድ በአንድ ተመለከተ። ረግረጉ ላይ ሲኩታ የተባለ መርዘኛ ተክል በብዛት በቅሎ አገኘ። ከብቶቹ ረጅሙን የብርድ ወቅት በጋጣ ውስጥ ደርቀው ስለሚከርሙ ለምለም ባዩ ጊዜ ሳይመርጡ ይግጣሉ፤ ሰንበት ካሉ በኋላ ግን ይህን ተክል ይተዉታል። መፍትሔው መርዘኛውን ተክል ነቅሎ መጨረስ እንደሆነና ለዚህ የሚከፈለው የጉልበት ዋጋ ከሚሞቱት ከብቶች ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር እንደማይገባ ጻፈላቸው።

በ1735 ወደ ኔዘርላንድስ ሄዶ የሕክምና ዶክትሬቱን በሃርደርዌይክ ያዘ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ወባ ሲሆን፣ የበሽታው መነሻ ሸክላ አፈር ባለበት አካባቢ ከውሃ ጋር ወደ ሰውነት የሚገባ የአፈር ብናኝ ነው የሚል ነበር። ስህተት ነው። ወባ ረግረጋማ ቦታ ላይ እንደሚበዛ አይቷል፤ ትንኟን ግን አላሰበም። በዚያው ዓመት ያሳተመው የተፈጥሮ ሥርዓት የተሰኘው መጽሐፉ ደግሞ ገጹ ትልልቅ ይሁን እንጂ ከ12 ቅጠል የማይበልጥ ነበር። ማዕድንን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን በሰንጠረዥ መደበበት። ዕፅዋትን የመደበው በአበባው ወንዴና ሴቴ ክፍሎች ቁጥር ነው። ስለ አበባ ወንድና ሴት እንዲህ በግልጽ መጻፉ ነውር ነው ያሉ የዘመኑ ሰዎች ክፉኛ ነቅፈውታል። አመዳደቡ ቀላል ስለነበር ግን መቁጠር የሚችል ሁሉ ተጠቀመበት።

ለዚያ መጽሐፍ ማሳተሚያ ገንዘብ ካወጡት አንዱ የሌይደኑ ሐኪም ያን ፍሬድሪክ ግሮኖቪየስ ነበር። ትንሿን የደን ተክል በሊኒየስ ስም የሰየማት ይኸው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ተክሏ ስም አልባ አልነበረችም። የባዝል ከተማው ካስፓር ባውሂን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የጦስኝ ቅጠል የመሰለ ቅጠል ያላት ቃጭል ብሎ በላቲን ጽፏታል። የስዊድን ገጠር ሰዎች ደግሞ ለመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚያፈሏት የሪህ ሣር ይሏት ነበር። ግሮኖቪየስ ተክሏን መርጦ ሊኒየስን አከበረበት ተብሎ ይጻፋል፤ ምርጫው ግን የሊኒየስ የራሱ ነው። ለራሱ ስም መስጠት ነውር ስለሆነ በወዳጁ እጅ አሰጠ።

ምርጫውን ሲያብራራም ተክሏ የሰሜን አገር ልጅ፣ ዝቅ ያለች፣ ማንም የማያያትና ለአጭር ጊዜ ብቻ የምታብብ መሆኗን ጠቅሶ በዚህ ሁሉ ስሟን ከሰጣት ሰው ጋር እንደምትመሳሰል በ1737 ጽፏል። ይህ ትሕትና ግን ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። ሊኒየስ ደጋግሞ የራሱን የሕይወት ታሪክ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጽፍ አድርጎ የጻፈና በውስጡም ራሱን ያለ ስስት ያሞገሰ ሰው ነው። በዚያው 1737 በሳሚ ልብስ ሆኖ የተሳለው ሥዕል ላይ አበባዋን በእጁ ይዟታል። ኋላ ንጉሡ የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጠው በቤተሰቡ ዓርማ ላይ አስቀረጻት። ከቻይና ባዘዘው የሻይ ዕቃ ላይ ሳይቀር እሷን አሣለ። ዝቅ ያለችውን አበባ ከፍ ለማድረግ እሱን ያህል የደከመ የለም።

ወደ አገሩ ተመልሶ ለጥቂት ጊዜ በስቶክሆልም በሐኪምነት ከሠራ በኋላ በ1739 ሳራ ኤልሳቤት ሞሬያን አገባ፤ በ1741 የኡፕሳላ ፕሮፌሰር ሆነ። የስዊድን ምክር ቤት በዚያ ጊዜ የሚፈልገው አበባ ቆጣሪ አልነበረም። አገሪቱ በጦርነት ደቅቃ፣ እህሉንም ቀለሙንም ከውጭ በገንዘብ እየገዛች ነበር። ስለዚህ ሊኒየስ ወደ ክፍለ ሀገራቱ እየተላከ ከአገር ምድር ምን ጠቃሚ ነገር እንደሚገኝ እንዲያጠና ታዘዘ። በ1741 ኦላንድና ጎትላንድ የተባሉትን ደሴቶች፣ በ1746 ምዕራቡን፣ በ1749 ደቡቡን ስኮነን ዞረ።

በስኮነ ጉዞ መጽሐፉ ላይ የደረሰበት ነገር ዛሬም ባለሙያና አርሶ አደር የሚከራከሩበት ዓይነት ነው። በመንገዱ የትውልድ አገሩን ስሞላንድን ሲያልፍ ገበሬዎች ደኑን ቆርጠው፣ አቃጥለው፣ በአመዱ ላይ አጃ ሲዘሩና ኋላም መሬቱን ለግጦሽ ሲተዉት ተመለከተ። መንግሥት ይህን አሠራር አጥፊ ነው ብሎ ያወግዘው ነበር። ሊኒየስ ግን ድንጋይ በበዛበት በዚያ መሬት ገበሬው ሌላ አማራጭ እንደሌለውና በዚህ መንገድ ካልሆነ ከዚያ አፈር እህል እንደማይወጣ ጽፎ ተከላከለላቸው። መጽሐፉ ታትሞ ሊወጣ ሲል ካርል ሆርለማን የተባለ ባለሥልጣን መኮንን ተቆጣ። ሊኒየስ አልተሟገተም። ገጹን አስወጥቶ በቦታው ስለ ፍግ አያያዝ የሚናገር ምክር አስገባ። ፍግ ጠቃሚ ነው፤ ምክሩም ትክክል ነበር። የተቃጠለው መሬት ታሪክ ግን ከመጽሐፉ ወጣ።

ከተማሪዎቹ ጋር የሠራው ሌላ ጥናት ደግሞ የትኛው የቤት እንስሳ የትኛውን ተክል እንደሚበላ የለየ ነው። በ1749 የታተመው ይህ ሥራ ከ2 ሺህ በላይ ሙከራዎች የተደረጉበት ነበር። እንስሳው ፊት ተክሉን አቅርቦ መብላት አለመብላቱን ማየት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም። የቀንድ ከብት 276 ዓይነት በልቶ 218 ተወ። በግ 387 በልቶ 141 ተወ። ፍየል 449 ዓይነት በላች፤ የተወችው 126 ብቻ ነው። ፍየል ለጠበቀ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ሊኒየስ ግን እረኛ የሚያውቀውን በቁጥር አስቀመጠው።

ትልቁ ስህተቱም በግብርና ላይ ነው። የሞቃት አገር ተክል ቀስ በቀስ ብርድን ይለምዳል ብሎ ያምን ነበር። ስዊድን ለሻይ ቅጠል ለቻይና የምትከፍለው ብር ያንገበግበው ስለነበር ሻይን ኡፕሳላ ላይ ማብቀል ተመኘ። ብዙ ጊዜ ከተሞከረና በመንገድ ከጠፋ በኋላ በ1763 ካፒቴን ካርል ጉስታቭ ኤኬበርግ ሕያው የሻይ ችግኞች በመርከብ አመጣለት። ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ችግኞቹ ግን አልዘለቁም። ቆላ የለመደ ዘር ደጋ ላይ ወስዶ የዘራ ሰው የሚደርስበት ነው የደረሰበት። የራሱ አበባ የተሣለበት ስኒ ቤቱ ነበር፤ የሚጠጣው ሻይ ግን እስከ መጨረሻው ከውጭ የመጣ ሆኖ ቀረ።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የወጣው በ1753 ነው። የዕፅዋት ዝርያዎች የተሰኘው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎችን ዘረዘረ። ከዚያ በፊት የአንድ ተክል ሳይንሳዊ መጠሪያ አንዳንዴ አሥር ቃል የሚሞላ መግለጫ ነበር። አንዱ ምሁር አንድ ቃል ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ ስለሚውሉ ተክሉ አንድ ሆኖ ስሙ ይበዛል። ሊኒየስ ለእያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ መለያ ነው። ሊኒያ ቦሪያሊስም በዚህ መልክ ጸደቀች። በ1758 አሠራሩን ለእንስሳትም አደረገው።

የገብስ፣ የባቄላ፣ የአተር፣ የሽምብራ፣ የተልባና የበቆሎ ሳይንሳዊ ስም ከእሱ የመጣ ነው። በአገራችን ግጦሽና ማሳ እያጠፋ ያለው ቅንጭ አረምም ፓርቴኒየም ሂስትሮፎረስ የተባለው በዚሁ በ1753 መጽሐፍ ነው። አረሙ በየአካባቢው የተለያየ ስም አለው፤ ስለ መከላከያው ከህንድ ወይም ከአውስትራሊያ የሚመጣን ጥናት የሚያነብ ባለሙያ ግን የሚያገናኘው ይህ ስም ነው።

ስም አውጪው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው ስም የሚያወጣው። ቡናን ኮፊያ አራቢካ፣ የዓረብ ቡና ብሎታል። ወደ አውሮፓ የሚገባው ቡና ከየመን ይጫን ስለነበር ከዚያ በስተጀርባ ያሉትን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች አላያቸውም። ንብንም በ1758 ማር ተሸካሚ የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጣት። ንብ የምትሸከመው ማር ሳይሆን የአበባ ወለላ መሆኑንና ማሩን የምትሠራው ራሷ መሆኗን አስቦ ከሦስት ዓመት በኋላ ማር ሠሪ በሚል ሊያርመው ሞከረ። አልሆነለትም። ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል የሚለው ደንብ የራሱን እርማት አገደበት። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሰውን በአህጉር ከፍሎ ለእያንዳንዱ ባሕርይ የሰጠበት ገጽ ነው። ለአፍሪካውያን የጻፈው ነቀፋ ያላያቸውን ሰዎች የሚመለከት ነበር፤ ከሥራው ሁሉ ለክፉ የዋለውም እሱ ነው።

ዘርና ናሙና የሚያመጡለት ወደ ዓለም ዳርቻ የሚልካቸው ተማሪዎቹ ነበሩ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ክሪስቶፈር ቴርንስትሮም ወደ ቻይና ሲጓዝ በ1746 ሞተ፤ ሚስቱ ልጆቼን ያለ አባት ያስቀረህብኝ አንተ ነህ ብላ ሊኒየስን ስለከሰሰችው ከዚያ ወዲህ የሚልከው ሚስት ያላገቡትን ሆነ። ፍሬድሪክ ሃሰልክቪስት በ1752 ሰምርኔስ አጠገብ ሞተ። ፔር ፎርስኮል የቡና አገር በሆነችው የመን በ1763 በወባ አረፈ። ሊኒየስ ለፎርስኮል መታሰቢያ አንዲት የበረሃ ተክል በስሙ ሰየመ፤ መለያዋንም የያዘችውን የማትለቅ አለው።

በ1758 ከኡፕሳላ ወጣ ብሎ ሃማርቢ የተባለ እርሻ ገዛ። የከተማው እሳት ስብስቡን እንዳይበላበት ሰግቶ ከእርሻው ጉብታ ላይ ምድጃ የሌለው የድንጋይ ቤት ሠርቶ የደረቁ ዕፅዋቱን እዚያ አኖረ። ከ1774 ጀምሮ ደም ወደ አንጎሉ እየፈሰሰ ሽባ አደረገው። በመጨረሻዎቹ ጊዜያት መጽሐፎቹን ሲያሳዩት ያደንቃቸው ነበር፤ የጻፋቸው እሱ መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። ጥር 10 ቀን 1778 አረፈ፤ በኡፕሳላ ካቴድራል ተቀበረ።

ልጁ ካርል ታናሹ በወንበሩ ተተክቶ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። በእኛ አገር የኑግን ሳይንሳዊ ስም መነሻ የጣለው ይህ ልጅ ነው፤ የሐበሻ የሚል መለያ ሰጠው። የወገን ስሙ ኋላ ቢቀየርም የሐበሻ የሚለው እስከ ዛሬ አለ። አባት ያመለጠውን ልጅ በአንድ ተክል ያስተካከለው ይመስላል። ታናሹ ካርል በ1783 ያለ ልጅ ሞተ። እናቱ 14 ሺህ ገደማ የደረቁ ዕፅዋት ያሉበትን ስብስብ ከነመጽሐፉ ለእንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ሸጠችው፤ እስከ አሁንም ለንደን ይገኛል።

አበባዋ በስዊድን የስሞላንድ ክፍለ ሀገር መለያ ናት። ብዙ ስዊድናውያን ሴት ልጆቻቸውን ሊኒያ ይሏቸዋል። በስኮትላንድ ግን እየጠፋች ነው። ደኖቹ ተቆራርጠው በመቅረታቸው በአንድ ቦታ ላይ ምንጣፍ ሆና የምትታየው ሊኒያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥር የተስፋፋች አንዲት ተክል ናት። በራሷ ብናኝ ደግሞ ፍሬ አትይዝም። ሌላዋ ያለችው ኪሎ ሜትሮች ርቃ ሲሆን ብናኙን የሚያመላልሱት ትንንሽ ነፍሳት ያን ያህል አይበሩም። የጥበቃ ሠራተኞች አሁን ከሩቅ ደን ቁራጭ ግንድ እያመጡ ከነባሯ አጠገብ ይተክላሉ።